ጥፍር የምታህል ሞተር ፍለጋ

ሰው ሁሉ በጓዳው የሚያፍርበት አንድ ነገር አያጣም። አንዱ ደብቆ ያጨሳል፣ ሌላዋ ደብቃ ሎተሪ ትቆርጣለች። እኔ ደግሞ ደብቄ የሞተ ማሽን እፈታለሁ። መቅደስ እባላለሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ከመስኮቱ ኋላ ቆሜ የሐኪም ወረቀት እያነበብኩ ኪኒን የምሰጥ ሠራተኛ ነኝ። ነጭ ጋዋን ስለምለብስ የሰፈሬ ሰው “ዶክተር” ይለኛል፤ እኔም ስሙ ደስ ስለሚለኝ አላረምኩም። ይህች አለማረሜ ኋላ ምን ጉድ እንዳፈላችብኝ ልንገራችሁ።

ነገሩ ሲሆን ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ሆጤ ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ከአልጋዬ ሥር ሁለት ካርቶን ነበረኝ። በአንዱ ጫማ አለ። በሌላው ሽቦ፣ መበየጃ፣ ቴስተር፣ ሦስት ዓይነት ካቻቢቴ፣ ሆድ ዕቃው የወጣ ሬዲዮ። እናቴ ከቦሩ ሜዳ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ይህን ሁለተኛውን በነጠላ እሸፍነዋለሁ። “ልጄ ትዳር ትይዛለች ብዬ ስጠብቅ ሽቦ ታቅፋ አገኘኋት” ብላ ለጎረቤት እንድታወራ አልፈልግም ነበር።

ያን ሰሞን በስልኬ አንድ ቪዲዮ አየሁና እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ሰውዬ ሁለት የተጣሉ የኮምፒውተር ሲዲ ማጫወቻዎች ፈትቶ፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ብዕር ይዛ የምትጽፍ ማሽን ሠራ። የምትጽፍበት ቦታ ከክብሪት ቀፎ እምብዛም አይበልጥም። እኔስ ቀኑን ሙሉ የምጽፈው በምን ላይ ሆነና! ኪኒን በምናደርግባት በትንሿ ፖስታ ላይ “በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ” ስል ነው ዓመታት ያለፉት። ማሽኗ ይህን ስትጽፍልኝ በዓይነ ኅሊናዬ ታየችኝ። ከዚያ ወዲያ አለቀልኝ።

የማሽኗ ምስጢር ያለው በሞተሯ ነው። ስቴፐር ሞተር ይባላል። ሌላው ሞተር ኮረንቲ ሲያገኝ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፤ ይህኛው ግን አንድ ትእዛዝ ሲሰጡት አንድ እርምጃ ብቻ ይራመድና ቀጥ ይላል። ሁለት ቢሉት ሁለት፣ መቶ ቢሉት መቶ። ፊደል መጻፍ የሚቻለውም ለዚህ ነው። ሲዲ ማጫወቻ ውስጥ ያለው ጥፍር የሚያህል ሲሆን አራት ሽቦና እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት ቀጭን ዘንግ አለው። አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ በድምሩ ሁለት ያስፈልገኛል። ትእዛዙን የምትሰጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና ብዕሩን የማንሻ ዘዴ ቀድሞም ነበረኝ።

በመጀመሪያ ሞኝነቴን ልናዘዝ። ሰው ሁሉ ፍላሽና ዲሽ ከያዘ ወዲህ ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጠው ዲቪዲ ማጫወቻ በየቤቱ አቧራ ጠጥቶ ቀርቷል። ሦስቱን ሰበሰብኩና በሬን ዘግቼ ፈታኋቸው። ሦስቱም ውስጥ ያገኘሁት ሁለት ሽቦ ያለው ተራ ሞተር ነው፤ ጉልበት እንጂ ልክ የማያውቀው ዓይነት። ለካ የእኔ ሞተር የኮምፒውተሩ ማጫወቻ ውስጥ ኖሯል የሚገኘው። ከዚያ እዚሁ ደሴ ፒያሳ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ አንዱን አገኘሁ። ዘንጉን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳዞረው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ሲራመድ የተሰማኝን ደስታ ለማን ልናገር? ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ቀረኝ። ጠጋኙ “ሌላ የለኝም፤ ኮምቦልቻ ውረጂ፣ አሮጌ የቢሮ ዕቃ የሚሰበስብ ሰይድ የሚባል ሰው አለ” አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወረድኩ። ለደሴ ብርድ የለበስኩትን ሹራብ ኮምቦልቻ ስደርስ አወለቅሁት። የሰይድ መጋዘን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው፤ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ሆዱ የተከፈተ ማተሚያ፣ እንደ ጡብ የተደረደረ ኮምፒውተር። እኔ እንዲህ ዓይነት ቦታ ስገባ ሌላው ሰው ወርቅ ቤት ሲገባ የሚሆነውን እሆናለሁ። ሰይድ አርባ የሚሆነው፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ ፈገግታ የማያልቅበት ሰው ነው። ጭነት የሚያወርዱ ሁለት ሠራተኞች በሩ ጋ ተቀምጠዋል።

“ምን ልስጥሽ እህቴ?”

“የኮምፒውተር ሲዲ ማጫወቻ። የሞተ ቢሆንም ግድ የለም።”

“የሚሠራ እኮ አለኝ።”

“የሞተው ይሻለኛል።”

ፈገግታው ቀነሰ። “የሞተው ምን ያደርግልሻል?”

“ውስጡ ያለችውን ትንሽ ሞተር ነው የምፈልገው።” የትንሽ ጣቴን ጥፍር አሳየሁት። “ይህችን የምታህል።”

ሰይድ ጥፍሬን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሄዶ በሩን ገርበብ አድርጎ ተመለሰ። “እህቴ፣ አላህን ፈርተሽ እውነቱን ንገሪኝ። ሜርኩሪው እዚህ ውስጥ ነው እንዴ?”

ያ ‘ቀይ ሜርኩሪ በሚሊዮን ይሸጣል’ የሚሉት ወሬ! አንድ ሰሞን በአሮጌ ልብስ ስፌት መኪና ውስጥ አለ ተብሎ ስንቱ የእናቱን መኪና ፈታ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ በድሮ ሬዲዮ ውስጥ ነው ተባለ። አሁን ተራው የሲዲ ማጫወቻ ሊሆን ነው፤ ወሬው የሚነሳውም ከእኔ ጥፍር!

“ኧረ ምንም ሜርኩሪ የለውም” አልኩት።

“ታዲያ ለምንሽ ነው?”

ሦስቱም አፌን አፌን ያዩኛል። መልሱ አጭር ነበር፤ “ለመጫወቻ” ብል ያልቃል። ነገር ግን የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት፣ ነጭ ጋዋን የምትለብስ፣ ከደሴ ድረስ ለመጫወቻ መጣሁ ብላ በእነዚህ ወንዶች ፊት ልትናገር? አፈርኩ። አፌም ራሱ የቀናውን ተናገረ።

“ለታማሚ ነው። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው።”

“ምኑን ነው ያመመው?”

“ልቡን።”

“ትልቅ ሰው ነው?”

“ልጅ ነው።”

ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ሰይድ ግን ፊቱ ሁሉ ተለወጠ። ሠራተኞቹም ከተቀመጡበት ተነሱ። ሦስቱ ተጋግዘው ከዕቃው ክምር ሥር ሁለት ማጫወቻ ቆፍረው አወጡ። ሰይድ አቧራውን በሽርጡ ጫፍ ጠራረገልኝ። ገንዘብ ስዘረጋለት እጁን ከኋላው ደበቀ።

“ለታመመ ልጅ ሸጬ ልጆቼን ላበላ ነው? ሐራም ነው። የትኛው መድኃኒት ቤት ነው የምትሠሪው? ሌላ ካገኘሁ እልክልሻለሁ። እናቴ ደሴ ሆጤ ነው የምትኖረው፤ ዱዓ እንድታደርግለት እነግራታለሁ።”

የምሠራበትን ነገርኩት። ሚኒባስ ውስጥ ማጫወቻዎቹን ታቅፌ ሽቅብ ወደ ደሴ ስመለስ ኅሊናዬ አንዴ ቆጥቁጦኛል። አልዋሽም፤ አንዴ ብቻ ነው። የቀረውን መንገድ ሁሉ ውስጣቸው ምን እንዳለ ለማየት ስቸኩል ነው የደረስኩት።

እግዜር ግን ፈጣን ነው። አንደኛው ማጫወቻ በጣም ያረጀ ስሪት ነበርና ሲፈታ ሁለት ሽቦ ያለው ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ትክክለኛው ነበር፤ ሳወጣው ግን ከወረቀት የሳሳችውን የሞተሩን ገመድ ከሥሯ በጠስኳት። አሁንም አንድ ጎደለኝ።

ሰኞ ጠዋት የመድኃኒት ቤቱን መስኮት ስከፍት አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆሟል። በጋዜጣ የጠቀለለውን ነገር በመስኮቱ አስገባልኝ። የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው፤ ክብደቱ የዱባ። “ለልጁ ነው። ትልቅ ከሆነም ይሞክሩት፤ አላህ ያሽረው” ብሎኝ ሄደ። ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ፀጉር አስተካካዩ መጣ፤ የፀጉር መላጫውን ይዞ። ስልክ ጠጋኙ ከስልክ ውስጥ የወጣች፣ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ሞተር በወረቀት ጠቅልሎ አመጣ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ዲያቆን ከቤቱ ግድግዳ ያወረደውን ሰዓት አቅፎ ደረሰ።

“ይህም ሞተር አለው ሲሉ ሰምቼ ነው። እግዚአብሔር ይማረው። የክርስትና ስሙን ብትነግሪኝ በጸሎት አስበው ነበር።”

የሌለ ልጅ የክርስትና ስም ማን ነው? “እጠይቅልሃለሁ” አልኩትና ሰዓቱን ተቀበልኩ።

ወሬው እንዴት እንደደረሰ ከዚያው ከሰልፉ ተረዳሁ። እኛ ወሎዎች ቅሬ የሚባል የሰፈር ማኅበር አለን፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይቀብርበታል፣ አንድ ላይ ያለቅስበታል። እሁድ ዕለት ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሳለ የሰይድ እናት እማማ ዘይነባ ተነስተው፣ የልብ ሕመምተኛ ልጅ እንዳለና ዶክተሯ ትንሽ ሞተር አጥታ በየአገሩ እንደምትንከራተት ለቅሬው ዳኛ፣ ማለትም ለመሪው፣ ተናገሩ። እዚያው ዱዓ ተደረገ። እኔ ተከራይ ስለሆንኩ የቅሬው አባል አልነበርኩም፤ አልሰማሁም።

ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። በየሰው ፊት አፌን ከፍቼ እዘጋ ነበር። የሚገርመው ደግሞ እያፈርኩም ያመጡትን ዕቃ እመረምር ነበር። የዲያቆኑን ሰዓት ጀርባ ከፍቼ፣ ያቺ በየሰከንዱ ቀጭ የምትለው ነገር ራሷ አንድ ዓይነት ስቴፐር ሞተር መሆኗን ሳውቅ ለአፍታ ኃጢአቴን ረሳሁት። ዓመሌ ነው፤ ምን ላድርግ።

ማክሰኞ ወደ ማታ ጋሽ ሙሄ መጡ። ከእኔ ሁለት በር አልፈው የሚኖሩ፣ በፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በእጃቸው ጽፈዋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልጃቸው አሮጌ ኮምፒውተርና ማተሚያ ገዛላቸውና በሁለት ጣት ፊደል እየለቀሙ እንጀራቸውን ቀጠሉ። ነጭ መሐረብ አውጥተው መስኮቱ ላይ ፈቱት።

“ይቺ ትሆን?”

አራት ሽቦ። ጥፍር የምታህል። ዘንጓ ላይ ጭረት እንኳ የለባትም። 

“ከየት አገኟት ጋሽ ሙሄ?”

“ከኮምፒውተሬ ነዋ። ያን ሲዲ የሚውጠውን ነገር እኔ ተጠቅሜበት አላውቅም። በቢላዋ ፈልቅቄ አወጣሁት፤ ከሆዱም ይቺን አገኘሁ።”

“በቢላዋ?”

“ታዲያ በምን? አብሽሪ ልጄ፣ ሞተሯን አልነካኋትም። ለልጁ ትሆናለች?”

እዚህ ላይ ነው የዋሸሁት። የቅዳሜው ምላስ ማዳለጥ ነው ልበል፤ የማክሰኞው ግን አስቤበት ነው። “ትሆናለች” አልኳቸው።

“አልሀምዱሊላህ!” ብለው መሐረቡን እንኳ ትተውልኝ ሄዱ።

ያን ምሽት ሞተሯን ገጠምኳት። ማሽኗ ብዕሯን ይዛ ተንቀጠቀጠች፣ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ወደ ታች ወረደች፣ ተመለሰች። ወረቀቱ ላይ “ሀ” አለች። ጠማማ “ሀ” ናት፣ አንድ እግሯ ያጠረ፤ ግን “ሀ” ናት። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ለማን እንደማሳያት ሳስብ ማንም እንደሌለ ገባኝና ቀዝቀዝ ብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ ለምሳ ስወጣ በፍርድ ቤቱ በር በኩል አለፍኩ። ጋሽ ሙሄ ከኪዮስካቸው ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ላይ ሰሌዳ አድርገው በእጃቸው ይጽፋሉ። ግራ እጃቸው ቀኙን አንጓው ላይ ጠፍሮ ይዞታል። እንዲያም ሆኖ ብዕሩ ይዘላል። ፊታቸው የቆመ ገበሬ፣ ከደሴ ዙሪያ በጠዋት የመጣ ይመስለኛል፣ ወረቀቱን አጎንብሶ አየና በአክብሮት “አባቴ፣ ዳኛው ይህን ያነበው ይሆን?” አላቸው። “እውነት ብለሃል፣ እዚያ ማዶ ሂድ” ብለው ወረቀቱን ራሳቸው ቀደዱት። ገበሬው ተሻግሮ ወደ ሌላ ጸሐፊ ሄደ።

ቀረብ አልኳቸው።

“ጋሽ ሙሄ፣ ኮምፒውተሩስ?”

“አልነሳ አለ። ያን ነገር ሳወጣ ሌላም ነክቻለሁ መሰለኝ።” ፊቴን አይተው ፈገግ አሉ። “አንቺ ደግሞ ምን ያስጨንቅሻል! የልጅ ልብ ከቆመና የእኔ ኮምፒውተር ከቆመ የቱ ይብሳል?”

ኪዮስኩ ውስጥ ገባሁ፤ ተከትለውኝ ገቡ። በሩን ዘጋሁትና ነገርኳቸው። አላሳመርኩትም፤ እንዴት እንደሚሳመርም አላውቅ። “የታመመ ልጅ የለም ጋሽ ሙሄ። እኔ ነኝ። መጫወቻ እየሠራሁ ነው። ብዕር ይዛ የምትጽፍ ማሽን። አፍሬ ነው የዋሸሁት።”

 ከውጭ ሰው “ጸሐፊው የሉም?” ሲል ይሰማል። አልመለሱለትም።

“እኔ በዚህ ወንበር ላይ ስንት ውሸት ጽፌያለሁ” አሉኝ። “ሰው በድንበር ይዋሻል፣ በዕዳ ይዋሻል፣ በገዛ ወንድሙ ይዋሻል። ገንዘቡን ተቀብዬ እጽፍለታለሁ። በታመመ ልጅ ዋሽቶ የመጣብኝ ግን አንድም የለም። ወላሂ የለም። ዘይነባ ሰኞ ለእሱ ብላ ጾማለች፤ ነገም ልትጾም ነይታለች።”

 እኔ የማውቀውን ሥራ ጀመርኩ። ካቻቢቴዬ ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም። የኮምፒውተሩን ጎን ከፈትኩ። ቢላዋው ያለፈበት ሁሉ ተቧጥጧል፤ አቧራው ውስጥ እየዳበስኩ አንድ በአንድ አየሁ። ያበላሸው ትንሽ ነገር ነበር። ከማብሪያው ቁልፍ የሚመጡት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ከሥራቸው ተበጥሰዋል። ልጬ አጣመርኳቸው፣ በፕላስተር ጠቀለልኩ። ጋሽ ሙሄ መጀመሪያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር። ትንሽ ቆይተው በትከሻዬ በኩል አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

“በዚች ክር ነው ይሄ ሁሉ የቆመው?”

“በዚች ነው።”

“ወይ ጉድ።”

ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ አጓራ፣ ስክሪኑ በራ። የጋሽ ሙሄ ፊት ግን አልበራም።

“የእኔን አስነሳሽው” አሉ። “ለልጁ የሚጨነቁትንስ? እሁድ ቅሬው ይቀመጣል። ራስሽ ቆመሽ ትናገሪያለሽ። መጫወቻሽንም ይዘሽ ነይ፤ ለምን እንደዋሸሽ በዓይናቸው ይዩት።”

ከረቡዕ እስከ እሁድ ያለውን አትጠይቁኝ። ሁለቴ ሻንጣዬን አውጥቼ ቦሩ ሜዳ እናቴ ዘንድ ልሸሽ አስቤያለሁ። ሐሙስ ምሳ ስበላ፣ ለእኔ ውሸት ብላ የምትጾም አሮጊት እንዳለች ትዝ ሲለኝ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለስኩት። በየቀኑም ሞተር የሚያመጡ ሰዎች አልቀሩም፤ “እሁድ ቅሬው ላይ እነግራችኋለሁ” እያልኩ መለስኳቸው። ይህ ደግሞ ባሰ፤ ልጁ ሞቶ ነው የሚል ወሬ ተነሳ።

እሁድ የቅሬው የቆርቆሮ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ሻሽ ያሰሩም፣ ነጠላ ያጣፉም፣ ኮፍያ ያደረጉም። ሰይድ ከኮምቦልቻ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። እኔ በአንድ ክንዴ ሰው ያመጣውን ዕቃ የያዘ ካርቶን፣ በአንድ ክንዴ ማሽኗን ታቅፌ መሐል ቆምኩ። የቅሬው ዳኛ “በይ ዶክተር፣ ልጁ እንዴት ሆነ?” አሉኝ።

“መጀመሪያ ዶክተር አይደለሁም” አልኩ። ከዚያ ያንን ሁሉ ተናገርኩ። ሰይድ መጋዘን ከገባሁባት ሰዓት እስከ ጋሽ ሙሄ መሐረብ ድረስ። ማሽኗን ከጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ “ለዚህች ነው” አልኩ።

አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። ሰይድ ብድግ አለ። “ለታማሚ ብላኝ ነው እኮ! እኔ ለልጆቼ ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ! ማታ ማታ ለልጁ ዱዓ እያደረጉ ነው የሚተኙት!” ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ሲናደድ ይሁን ሲያፍር አላወቅሁም። ከኋላ አንዱ “ትቀጣ!” አለ። ሌላው “ከሰፈሩ ትውጣ!” አለ። ዲያቆኑ መሬት መሬቱን ያያል። ዳኛው ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው “ዝም በሉ፣ በወግ እንነጋገር” ሲሉ፣ ከሴቶቹ በኩል አንዲት ጠና ያሉ፣ ፊታቸው የከሳ እናት እጃቸውን አነሱ። ሰይድ “እማ፣ ተቀመጪ” አላቸው። አልተቀመጡም። እማማ ዘይነባ ናቸው። ፊት ለፊት ስንተያይ የመጀመሪያችን ነበር።

“አንቺ ልጅ፣ ቀና በይ። ልጁ የለም ነው ያልሽው?”

“የለም እማማ።”

“ልቡን ይዞ የሚያቃስት ልጅ የለም?”

“የለም።”

“አልጋው ሥር ቁጭ ብላ የምታለቅስ እናትም የለችም?”

“የለችም እማማ። ይቅር ይበሉኝ።”

ሁለቱን እጆቻቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። “አልሀምዱሊላህ! አልሀምዱሊላህ ያ ረቢ!” አሉና እልልታቸውን አቀለጡት። አዳራሹ ደነገጠ። እሳቸው ወደ ሰዉ ዞሩ። “ምን ታፈጡብኛላችሁ? እኔ እንቅልፍ ያጣሁት ለልጁ ነው እንጂ ለእሷ ነው እንዴ? ሳምንት ሙሉ ‘ዛሬ ሞተ፣ ነገ ሞተ’ ስል ሰንብቼ፣ የታመመ ልጅ የለም ተባልኩ። ከዚህ ወዲያ ምን ምሥራች አለ? እልል በሉ እንጂ!”

በመጀመሪያ አንዲት ሴት እልል አለች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። የሚስቀውም ይስቃል፤ ሰይድ በሽርጡ ዓይኑን ይጠርጋል። እኔ መሐል ቆሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ቢሰድቡኝ ኖሮ እችለው ነበር፤ ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም።

ዳኛው ፀጥታ ሲሆን ፍርዳቸውን ሰጡ። “ውሸት ውሸት ነው፤ ሳይቀጣ አይታለፍም። ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቅሬ አባል ነሽ። ሰው ሲሞት ትቀብሪያለሽ፣ ሰው ሲታመም ትጠይቂያለሽ፣ ውሃ ቅጂ ስትባይ ትቀጃለሽ። ተከራይ ነኝ የሚል ሰበብ የለም።” ከዚያ ጎንበስ ብለው ማሽኗን አዩ። “እስቲ አሁን ይቺን ነገር አስጽፊያት።”

አስጻፍኳት። ሰዉ ተደራርቦ ከበባት። ጋሽ ሙሄ ከሁሉ ቀርበው፣ አፍንጫቸው ወረቀቱን ሊነካ ደርሶ፣ ያቺ የእሳቸው ሞተር ብዕሩን ስትመራ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩ። “የእሷም እጅ ይንቀጠቀጣል” አሉ፤ ከረቡዕ ወዲህ ያኔ ገና ሳቁ። ሞተሯን ልመልስላቸው ብል አልቀበልም አሉኝ። የዲያቆኑን ሰዓት፣ መላጫውን፣ የባጃጅ ሹፌሩን ሞተር ግን ለየባለቤቱ አስረከብኩ።

ማሽኗ ዛሬም አለች። አንድ ፖስታ ለመጻፍ አራት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ እኔ በእጄ በአራት ደቂቃ ስንቱን እጽፋለሁ። ስለዚህ ለመድኃኒት ቤቱ አልጠቀመችም። ለመጫወቻ ነው የሠራኋት፣ መጫወቻ ሆና ቀረች። የሽቦው ካርቶንም ከአልጋው ሥር ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እናቴ አይታው “ይሄ ነው የደበቅሽኝ?” አለችኝና የማይሠራ ሬዲዮዋን በሚቀጥለው ሳምንት ይዛልኝ መጣች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ “ሲዋሹ ኖሮ ቢናዘዙ ደግ ነው” የሚል ምክር አውጥታችሁ እንዳታልፉ። ያንን ከልጅነቴ አውቀው ነበር። እኔ የማላውቀው ሌላ ነገር ነው። በዚያ መስኮት ኋላ ዓመታት ቆሜ፣ የመድኃኒቱን ዋጋ ሰምተው ወረቀታቸውን አጥፈው የሚመለሱ ሰዎች አይቻለሁ። ሁልጊዜም “ምን ይደረጋል፣ ማን ይደርስላቸዋል?” እያልኩ ቀጣዩን ተረኛ እጠራ ነበር። ማን እንደሚደርስ የነገረኝ ውሸቴ ነው። ስም ለሌለው፣ ፊት ለሌለው፣ በምላሴ ላይ ብቻ ለነበረ ልጅ አንድ ሰፈር በሁለት ቀን ሰዓቱን ከግድግዳ፣ ሞተሩን ከኮምፒውተሩ ሆድ አወጣ። ለእውነተኛው ልጅማ ምን ያደርግ ነበር? እኔ አልጠየቅሁማ! አፍሬ ዋሸሁ እንጂ እያፈርኩም ቢሆን ለታመመ ሰው ለምኜ አላውቅም።

ከቅሬው በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ አንዲት ወጣት እናት ልጅ አዝላ መጣች። ወረቀቱን አየሁ፣ ዋጋውን ነገርኳት። “እሺ፣ እመለሳለሁ” አለችኝ። ይህን ቃል አውቀዋለሁ፤ የሚመለስ ሰው እንዲህ አይልም። ወረቀቷን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችና ዞረች። ተረኛው “እኔ ልቅደም” እያለ ክርኑን መስኮቱ ላይ አሳረፈ። ጋዋኔን እንደለበስኩ በጓሮው በር ወጥቼ ስሮጥ የደረስኩባት መታጠፊያው ላይ ነው። ትከሻዋን ነካሁና “ቆዪ፣ የልጅሽ ስም ማነው?” አልኳት።